ድመት ልትወልድ ስትል፦ ምጥን መለየትና አስቀድሞ መዘጋጀት

ጤነኛ ድመት ብዙውን ጊዜ ያለ ሰው እርዳታ ትወልዳለች። የተወለደውን ግልገል ከሸፈነው ስስ ሽፋን ታላቅቀዋለች፣ እየላሰች ትንፋሹን ታስጀምረዋለች፣ እትብቱን በጥርሷ ትቆርጣለች፣ ከዚያም ሆዷ ሥር አስጠግታ ታጠባዋለች። በዚህ ሂደት ውስጥ የባለቤቷ ድርሻ ሁለት ነው፤ ከወሊዱ በፊት ጸጥ ያለና የሚሞቅ ቦታ ማዘጋጀት፣ ምጡ ከጀመረ በኋላ ደግሞ እጅን ሰብስቦ በዓይን መከታተልና እያንዳንዱ ነገር የሆነበትን ሰዓት መመዝገብ። ሰዓት መመዝገብ ተራ ነገር ቢመስልም የዚህ ሁሉ ምክር ዋልታ እርሱ ነው። ድመቷ ማማጧ፣ በመካከል ማረፏ ወይም ፈሳሽ መውጣቱ በራሳቸው የሚያስደነግጡ አይደሉም፤ ደህና ነው ወይስ ያሰጋል የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው የቆየበት ጊዜ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ለሐኪም ስልክ የደወለ ሰው የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄም «ከመቼ ጀምሮ?» የሚል ነው።

ቀኑን መቁጠር

የድመት እርግዝና በአብዛኛው ከ63 እስከ 67 ቀናት ይቆያል፤ ጥቂት ቀናት ቀድማ ወይም ዘግይታ የምትወልድ ጤነኛ ድመትም አለች። ከ58ኛው ቀን በፊት የሚወለዱ ግልገሎች ግን ሳንባቸው በደንብ ስላልዳበረ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው አነስተኛ ነው። 70 ቀን አልፏት ምጥ ያልጀመራት ድመት ደግሞ ደህና ብትመስልም በሐኪም መታየት ይኖርባታል። የመነሻውን ቀን በትክክል ማወቅ የሚያስቸግረው ድመት በአንድ የፍትወት ወቅት ለበርካታ ቀናት፣ አንዳንዴም ከአንድ በላይ ከሆኑ አውራ ድመቶች ጋር ልትገናኝ ስለምትችል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ቀን መዝግቦ ከሁለቱም መቁጠርና ወሊዱን በሁለቱ ስሌቶች መካከል መጠበቅ ይሻላል።

ቀኑ ጨርሶ ካልታወቀ ከሰውነቷ ለውጥ መገመት ይቻላል። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ የጡቶቿ ጫፎች ያብጡና ቀለማቸው ደመቅ ወዳለ ሮዝ ይለወጣል፤ ይህ ለውጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባረገዘች ድመት ላይ ጎልቶ ይታያል። በአምስተኛው ሳምንት የሆዷ መስፋት ያስታውቃል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ በጎኗ ጋደም ብላ ሳለ ልብ ብሎ ላያት ሰው፣ ግልገሎቹ ሲገላበጡ የሆዷ ቆዳ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። እጅን በስሱ ማሳረፍ ጉዳት የለውም። በጣት እየተጫኑ ግልገሎቹን ለመቁጠር መሞከር ግን ሊጎዳቸው ይችላል፤ የሚገኘውም ቁጥር አስተማማኝ አይሆንም።

በእርግዝናው ወቅት ድመቷን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ለሚችል ሰው፣ በእኔ አስተያየት ተመራጩ ጊዜ ከ55ኛው ቀን በኋላ ያለው ነው። አልትራሳውንድ እርግዝናው መኖሩንና የጽንሶቹን የልብ ምት ከአራተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ቢያሳይም ቁጥራቸውን ለመለየት ግን አመቺ አይደለም። በመጨረሻው ሳምንት የሚነሳ ራጅ የግልገሎቹን አጥንት አጥርቶ ስለሚያሳይ ስንት እንደሆኑ መቁጠር ያስችላል። ድመት በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ግልገሎች ትወልዳለች፤ አንድ ብቻ ወይም ከስምንት በላይ የምትወልድም አለች። ቁጥሩን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በወሊዱ ዕለት ትልቅ ጭንቀት ይቀልለታል፤ ድመቷ ማማጧን ስታቆም ጨርሳ ይሁን ወይስ አንድ ቀርቷት፣ መገመት ሳያስፈልገው ያውቃልና። በዚያው ቀን የሐኪሙን የሌሊትና የበዓል ስልክ፣ እርሱ ካልተገኘም ሌላ ማን እንደሚጠራ ጠይቀው ይመዝግቡ። ፊታቸው ጠፍጣፋና ጭንቅላታቸው ትልልቅ የሆኑ እንደ ፐርሺያን ያሉ ዝርያዎች በምጥ የመቸገር ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ለእነርሱ ይህ ቀጠሮ ሊታለፍ አይገባም።

ምግቧም ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ሊታሰብበት ይገባል። ለሚያድጉ ግልገሎች የሚዘጋጀው የድመት ምግብ በፕሮቲንና በኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር የበለጸገ ስለሆነ ለነፍሰ ጡሯም የሚስማማ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ማህፀኗ ጨጓራዋን ስለሚጫነው በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት አትችልም፤ በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ማቅረብ ይሻላል። ካልሲየም ለአጥንት ጥሩ ነው በሚል በእርግዝና ወቅት ተጨማሪ እንክብል መስጠት ግን ስህተት ነው። ሰውነቷ ካልሲየምን ከአጥንቷ አውጥቶ የመጠቀም አቅሙን ስለሚያዳክመው፣ በምታጠባበት ወቅት በደሟ ውስጥ ያለው መጠን በድንገት እንዲያሽቆለቁል ሊያደርግ ይችላል።

መውለጃውን ማዘጋጀት

ከሚጠበቀው ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መውለጃ ሳጥን ቢቀመጥላት ለመልመድ ጊዜ ታገኛለች። ጠንካራ የካርቶን ሳጥን ይበቃል። ስፋቱ በጎኗ ተኝታ እግሯን ለመዘርጋት የሚያስችላት፣ ማለትም ወደ 60 በ45 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ይሁን፤ ከዚያ በጣም ከሰፋ ግልገሎቹ ከእናታቸው ርቀው ይበርዳቸዋል። በአንድ ጎኑ መግቢያ ይቆረጥና ከታች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ደፍ ይተውለት። ደፉ እናቲቱ በቀላሉ እንድትሻገረው ዝቅ ያለ፣ ግልገሎቹ ደግሞ ተንከባለው እንዳይወጡ የሚያግዳቸው መሆን አለበት። ላዩ በከፊል ቢሸፈን ከብርሃንና ከሰው ዓይን ስለሚጋርዳት ትመርጠዋለች፤ ክዳኑ ግን እርስዎ ገልጠው ማየት እንዲችሉ የሚነሳ ይሁን።

ከሥር ብዙ ድርብ ጋዜጣ ያንጥፉ፤ በላዩ ላይ ንጹሕ የጥጥ አንሶላ ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ ያድርጉበት። ፎጣ ሲመርጡ ክሩ ያልተመዘዘ መሆኑን ያረጋግጡ፣ የተመዘዘ ክር በግልገል ጥፍር ላይ ይያዛል፣ አንዳንዴም እግሩ ላይ ይጠመጠማል። ሳጥኑ የሚቀመጥበት ክፍል ነፋስ የማይገባበት፣ ጸጥ ያለ፣ ሰው የማይመላለስበትና ሌሎች እንስሳት የማይደርሱበት ይሁን። የተወለዱ ግልገሎችን የሚገድሉ አውራ ድመቶች አሉ፤ ሌሎች ድመቶችና ውሾችም ባይነኳት እንኳ በአካባቢው መኖራቸው ብቻ ያስጨንቃታል። ምግቧን፣ ውኃዋንና መፀዳጃዋን በዚያው ክፍል ውስጥ፣ መፀዳጃውን ግን ከሳጥኑ ራቅ አድርገው ያኑሩላት። በእርግጥ የተዘጋጀላትን ትታ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም አልጋ ሥር የምትመርጥ ድመት ጥቂት አይደለችም። በመጨረሻው ሳምንት ከቤት እንዳትወጣ ማድረግና የማይፈለጉ ጥጋጥጎችን መዝጋት ምርጫዋን ያጠብበዋል። ያም ሆኖ በመረጠችው ቦታ ምጥ ከጀመራት ማንሳት አይገባም፤ የተረበሸች ድመት ምጧን ለሰዓታት ልታቆም ትችላለችና። ጨርሳ ካረፈች በኋላ ሁሉንም በአንድነት ማዛወር ይቻላል።

ከሳጥኑ አጠገብ የሚከተሉትን በአንድ ዕቃ ውስጥ ሰብስበው ይጠብቁ፦ ንጹሕና ደረቅ ትንንሽ ጨርቆች፣ ስስ የላስቲክ ጓንት፣ በሙቅ ውኃ ተቀቅሎ በአልኮል የተጠረገ መቀስ፣ እትብት ለማሰር የሚሆን ጠንካራ ክር፣ ለእትብቱ ጫፍ የሚቀባ አዮዲን፣ ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ዲጂታል የሙቀት መለኪያ፣ ሙቅ ውኃ ተሞልቶ በጨርቅ የሚጠቀለል ጠርሙስ፣ የድመት መጓጓዣ ሳጥን፣ እንዲሁም ወረቀትና እርሳስ። ለድመት ግልገሎች የሚዘጋጅ የዱቄት ወተት አንድ ጣሳ ከእነ ጡጦው ቢኖር መልካም ነው። የሰው መድኃኒት ግን ከዚህ ዕቃ ውስጥ አይኑር። ፓራሲታሞል በትንሽ መጠን እንኳ ድመትን ይገድላል። ምጥ የሚያፋጥነው ኦክሲቶሲንም ግልገል መንገድ ዘግቶ ሳለ ከተሰጠ ማህፀኗን ሊቀድድ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ፊኖል የተባለ ኬሚካል ያለባቸው የወለል ማጽጃዎችም ለድመት መርዝ ስለሆኑ ሳጥኑን በሳሙናና በውኃ ብቻ ያጽዱ።

ጸጉሯ ረጅም ከሆነ በጡቶቿ ዙሪያና በጅራቷ ሥር ያለውን ጸጉር ከወሊዱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በጥንቃቄ ማሳጠር ግልገሎቹ ጡቱን በቀላሉ እንዲያገኙ ይረዳል፤ እናቲቱንም ንጹሕ ያደርጋታል።

ምጥ መቃረቡን የሚያሳዩ ምልክቶች

በመጨረሻዎቹ ቀናት ድመቷ ቦታ ፍለጋ ትጀምራለች። ልብስ ውስጥ ትገባለች፣ ጨርቅ ትጭራለች፣ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። አንዳንዷ ከሰው ትሸሻለች፤ ሌላዋ ደግሞ ባለቤቷን እግር በእግር እየተከተለች ትጮኻለች። ሆዷ ወደ ታች ዝቅ ይላል፣ ወገቧ ጎድጎድ ያለ ይመስላል። ጡቶቿ ይሞላሉ፤ ከወሊዱ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ከጫፋቸው የወተት ጠብታ ሊታይ ይችላል። ብዙዎቹ በመጨረሻው ቀን ምግብ ይተዋሉ፤ እስከ መጨረሻው የሚበሉም ስላሉ ግን በዚህ ምልክት ብቻ መተማመን አያዋጣም።

የተሻለ ፍንጭ የሚሰጠው የሰውነት ሙቀት ነው። የጤነኛ ድመት ሙቀት በአብዛኛው ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ ምጥ ሊጀምራት ከ12 እስከ 24 ሰዓታት ሲቀሩት ከ37.8 በታች ይወርዳል። ከ60ኛው ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ በተመሳሳይ ሰዓት የሚለካ ከሆነ መውረዱ በግልጽ ይታያል። መለኪያው ጫፉ ቫዝሊን ተቀብቶ በፊንጢጣ በኩል አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ በእርጋታ ይገባል። በሁሉም ድመቶች ላይ መውረዱ የማይታይ መሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። መለካቱን አጥብቃ የምትጠላ ድመት ከሆነች ይተዉት፤ ቁጥሩን ለማግኘት ሲባል የሚፈጠርባት ጭንቀት ከሚገኘው ጥቅም ይበልጣል።

የመጀመሪያው የምጥ ደረጃ

በዚህ ደረጃ ማህፀኗ መኮማተር ይጀምራል፣ የማህፀኗም በር እየተከፈተ ይሄዳል፤ ከውጭ የሚታይ ማማጥ ግን የለም። ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ድመቷ አንድ ቦታ አትረጋም፣ ወደ ሳጥኑ ገብታ ጭራ ትወጣለች፣ ብልቷን አዘውትራ ትልሳለች። አፏን ከፍታ የምታለከልክ፣ ሳታቋርጥ ጉር ጉር የምትል ወይም የምታስመልስም አለች። ጥርት ያለ ወይም በትንሹ ደም የነካው ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ሊወጣት ይችላል። መፀዳጃዋ ላይ እየተመላለሰች ምንም ሳትጸዳዳ የምትመለስ ድመት ድርቀት ይዟት ሊመስል ይችላል፤ ቀኗ ከደረሰ ግን ምጥ እንደጀመራት መጠርጠር ይገባል።

ይህ ደረጃ በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ይወስዳል፤ የመጀመሪያዋ ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። የተጀመረበትን ሰዓት ይጻፉ፣ መብራቱን ይቀንሱ፣ ክፍሉን ያሙቁ፣ ልጆችንና እንግዶችን ያርቁ። አጠገቧ ሰው እንዲኖር የምትፈልግ ከሆነ ዝም ብለው ይቀመጡላት፤ ብቻዋን መሆን ከፈለገች ከሩቅ ሆነው በየ15 ወይም 20 ደቂቃው ብቅ እያሉ ይመልከቷት። 24 ሰዓት አልፎ ማማጥ ካልጀመረች ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።

ግልገሎቹ ሲወለዱ

ሁለተኛው ደረጃ ሲጀምር መሳሳት አይቻልም። ድመቷ በጎኗ ትተኛለች ወይም እንደ መቀመጥ ትላለች፣ የኋላ እግሯን ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ታስደግፋለች፣ የሆዷ ጡንቻ ከጎድን አጥንቷ እስከ ጅራቷ ሥር ደጋግሞ ሲወጠር በዓይን ይታያል። ጠንከር ያለውን የመጀመሪያ ምጥ ያዩበትን ደቂቃ ይመዝግቡ። ብዙም ሳይቆይ በብልቷ በኩል ፈሳሽ የያዘ ግራጫማ ከረጢት ብቅ ይላል፤ አንዳንዴ ወጥቶ ተመልሶ ይገባል፣ በሚቀጥለው ምጥ ደግሞ ይበልጥ ይወጣል። የመጀመሪያው ግልገል በአብዛኛው ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይወለዳል። በጭንቅላቱ ሳይሆን በጅራቱና በኋላ እግሮቹ በኩል ቢመጣ አይደንግጡ፤ ከድመት ግልገሎች ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት የሚወለዱት እንዲያ ነው፣ ለድመትም ጤናማ አመጣጥ ነው።

እናቲቱ ወዲያው ዞራ ሽፋኑን በምላሷና በጥርሷ ትቀድዳለች፣ የግልገሉን አፍና አፍንጫ አጥብቃ ትልሳለች። ልሰቷ ሲያገላብጠው ሻካራና ጨካኝ ሊመስል ይችላል፤ ትንፋሹን የሚቀሰቅሰው ግን ያ መታሸት ነው፣ ጣልቃ መግባት አይገባም። የእንግዴ ልጁ ከእያንዳንዱ ግልገል ጋር ወይም ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ ይወጣል፤ ሁለት ግልገሎች ተከታትለው ተወልደው ሁለት የእንግዴ ልጅ በኋላ የሚወጣበት ጊዜም አለ። የወጡትን ቆጥረው ከግልገሎቹ ቁጥር ጋር ያስተያዩ፤ ማህፀን ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ሊመረቅዝ ይችላልና። እናቲቱ ብትበላው ተፈጥሯዊ ነው፤ ብዙ ከበላች ተቅማጥ ስለሚያስይዛት ሁለት ያህል ትተውላት የቀረውን ማንሳት ይችላሉ።

በሁለት ግልገሎች መካከል ከ10 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ማለፉ የተለመደ ነው። ከዚህ ሌላ ድመት ከብዙ እንስሳት የምትለይበት አንድ ጠባይ አላት። የተወሰኑትን ወልዳ ምጧ ሙሉ በሙሉ ሊቆም ይችላል፤ የተወለዱትን እያጠባች፣ እየበላችና እየተኛች 24 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይታ የቀሩትን ያለ ችግር ትወልዳለች። በጤናማ ዕረፍትና በድካም መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ እናቲቱን ማየት ይበቃል፤ ተረጋግታ የምታጠባና የምትበላ ከሆነ እያረፈች ነው፣ ልጆቿን ችላ ብላ የደከመች፣ የምትንቀጠቀጥ ወይም በየመሐሉ በከንቱ የምታምጥ ከሆነ ግን ችግር አለ። ግልገል መቅረቱን በራጅ ያወቀ ሰው ዕረፍት ከመሰለው ሁኔታ ላይም ቢሆን ለሐኪሙ ስልክ ደውሎ ቢያሳውቅ መልካም ነው።

ሐኪም ሳይውል ሳያድር የሚጠራው መቼ ነው?

ድመቷ 20 ደቂቃ ያህል በኃይል ደጋግማ አምጣ ምንም ካልወለደች፣ ወይም ከረጢቱ ወይም የግልገሉ አካል ታይቶ 10 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ፣ ጊዜ ሳያባክኑ ሐኪም ያግኙ። ምጡ ደካማና የሚቆራረጥ ሆኖ ሁለት ሰዓት ካለፈውም እንዲሁ ነው። ከመጀመሪያው ግልገል በፊት አረንጓዴ ፈሳሽ መውጣቱ የእንግዴ ልጅ ከማህፀን ግድግዳ መላቀቁን ስለሚያመለክት የግልገሎቹ ሕይወት አደጋ ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው ግልገል በኋላ ግን ጠቆር ያለ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ፈሳሽ መታየቱ የሚጠበቅ ነው። ከ10 ደቂቃ በላይ የሚወርድ ደማቅ ቀይ ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ መውደቅ፣ ከፍተኛ ድካም ወይም ከ39.5 በላይ የሆነ ትኩሳት በማንኛውም ደረጃ ላይ ቢታይ አስቸኳይ ነው።

ወደ ክሊኒክ ሲሄዱ የተወለዱትን ግልገሎች እናታቸውን በሚያስታውስ ጨርቅ ውስጥ፣ በጨርቅ ከተጠቀለለ ሙቅ ጠርሙስ አጠገብ አድርገው አብረው ይውሰዱ። የጻፉትን የሰዓት መዝገብም አይርሱ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ቢባል ሊያስፈራ አይገባም፤ በጊዜ ሲደረግ እናቲቱንም ግልገሎቹንም የሚያድነው እርሱ ነው። የሚጎዳው እስከ ነጋ እንጠብቅ ማለት ነው።

ጣልቃ መግባት የሚገባበት ጊዜ

ግልገሉ ተወልዶ እናቲቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሽፋኑን ካልቀደደችው እርስዎ ሊያደርጉት ይገባል። ጓንት አጥልቀው ሽፋኑን ከአፍንጫው አጠገብ በጣት ቀድደው ወደ ኋላ ይግፈፉት፣ አፉንና አፍንጫውን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ በትንሹ ዝቅ እንዲል በመዳፍዎ ላይ አስተኝተው፣ ጀርባውንና ደረቱን በደረቅ ጨርቅ ጠንከር እያደረጉ ይሹት። መጀመሪያ ልፍስፍስና ሰማያዊ የነበረው አካል ሲታሽ ቆይቶ አፉን ይከፍታል፣ ከዚያ ይጮኻል፣ ምላሱና የእግሩ መዳፍ ሮዝ ይሆናል። እስከ 15 ወይም 20 ደቂቃ ድረስ ተስፋ ሳይቆርጡ ይቀጥሉ። ፈሳሹን ለማስወጣት ግልገሉን ይዞ ማወዛወዝ ግን አንጎሉን ሊጎዳው ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም።

እትብቱን እናቲቱ ካልቆረጠችው ከሆዱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገው በክር አጥብቀው ይሰሩት፤ ከክሩ ወዲያ፣ በእንግዴ ልጁ በኩል ይቁረጡና ጫፉን አዮዲን ያስነኩት። በሚቆርጡበት ጊዜ እትብቱ ከሆዱ በኩል እንዳይጎተት ይጠንቀቁ፤ መጎተቱ እምብርቱ አካባቢ ያለውን የሆድ ግድግዳ ሊሰነጥቀው ይችላል። ክሩ ወይም የእትብቱ ቅሪት በሌላ ግልገል እግር ላይ እንዳይጠመጠም ትርፉን ያሳጥሩ።

በከፊል የወጣ ግልገል ቢይዝ፣ ሐኪሙ እስኪገኝ ድረስ በንጹሕ ጨርቅ ወገቡን ወይም ትከሻውን ይዘው፣ እናቲቱ ስታምጥ ብቻ፣ ወደ ታች ወደ እግሮቿ አቅጣጫ በእርጋታ ሊያግዟት ይችላሉ። ምጡ ሲቆም እርስዎም ይቁሙ። አንድ እግር ወይም ጭንቅላት ብቻ ይዞ መሳብ፣ ወይም ጣት ወደ ውስጥ አስገብቶ መፈለግ አይፈቀድም።

ከወሊዱ በኋላ ያሉት ሰዓታትና ቀናት

ሁሉም ተወልደው ሲያበቁ የረጠበውን ጋዜጣና ጨርቅ በደረቅ ይተኩ፤ ለእናቲቱም ውኃና ምግብ አጠገቧ ያድርጉላት። እያንዳንዱ ግልገል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ጡት መያዙን ያረጋግጡ። እንገሩ ከበሽታ የሚከላከል ነገር የያዘ ሲሆን፣ የግልገሉ አንጀት ይህን ወደ ደሙ ሊያሳልፍ የሚችለው ከተወለደ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን ውስጥ ብቻ ነው። ደካማውን ግልገል ወተት ወዳለው ጡት አስጠግተው ሌሎቹ እንዳይገፉት ጥቂት መያዝ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን ያተርፈዋል።

አዲስ የተወለደ ግልገል የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት በሳጥኑ ውስጥ ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ማሞቂያው ግን የሳጥኑን ግማሽ ብቻ ያሙቅ፣ ለሞቃቸው ግልገሎችና ለእናቲቱ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቅር። ክምር ብለው በጸጥታ የተኙ ግልገሎች ተመችቷቸዋል፤ ተበታትነው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል ወይም ርቧቸዋል። ሲነኩት የቀዘቀዘ ግልገል መጀመሪያ ቀስ በቀስ፣ ለምሳሌ ከልብስ ሥር በሰው ገላ ላይ፣ መሞቅ አለበት። ሳይሞቅ የተሰጠው ወተት አይፈጭለትም፣ ወደ ሳንባውም ሊገባ ይችላል።

ግልገል ሲወለድ በአማካይ 100 ግራም ያህል ይመዝናል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝኑ። በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለበት። ድምር ክብደታቸውን ሳይሆን የእያንዳንዱን ለየብቻ ይጻፉ፤ የሚከሳው ግልገል በዓይን ከመታወቁ አንድ ቀን በፊት ሚዛኑ ላይ ይታያል። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ክብደት የሚቀንስ ወይም ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ያልጨመረ ግልገል ተጨማሪ ወተትና የሐኪም ምርመራ ያስፈልገዋል። የላም ወተት ተቅማጥ ስለሚያስከትል ለድመት ግልገል በተዘጋጀ ወተት ይጠቀሙ፤ ሲመግቡትም በሆዱ እንደ ተኛ ይሁን እንጂ በጀርባው አያስተኙት።

እናቲቱ በምታጠባበት ወቅት ከተለመደው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ልትበላ ስለምትችል ምግቧን አይገድቡባት። ቀይ ቡናማ ፈሳሽ እየቀነሰ እስከ ሦስት ሳምንት ሊታይ ይችላል። ጡቷ በአንድ ቦታ ከጠነከረ፣ ከቀላና ሲነካ ካመማት የጡት ምርቀዛ ሊሆን ይችላል። ከወሊዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት መቅበጥበጥ፣ ማለክለክ፣ ግትር አረማመድና የጡንቻ መንቀጥቀጥ ከታየባት የደሟ ካልሲየም ወርዶ ሊሆን ይችላልና ግልገሎቹን ከጡቷ ለይተው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ በሰዓታት ውስጥ ለሞት ሊዳርጋት የሚችል ነው፣ በጊዜ ከተደረሰባት ግን በደም ሥር በሚሰጥ ካልሲየም በፍጥነት ትነሣለች።

በቤቱ ውስጥ ነፍሰ ጡር ሴት ካለች መፀዳጃውን ሌላ ሰው በየቀኑ ቢያጸዳው ይመረጣል፤ በድመት ዓይነ ምድር ውስጥ ሊኖር የሚችለው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ጽንስን ሊጎዳ ይችላል። እናቲቱም ቢሆን ገና እያጠባች ዳግመኛ ፍትወት ሊመጣባትና ልታረግዝ ስለምትችል፣ ግልገሎቹ ስምንት ሳምንት ሞልቷቸው ጡት እስኪተዉና እርሷም የማምከን ቀዶ ሕክምና እስኪደረግላት ድረስ ከቤት አትውጣ፣ አውራ ድመትም አይቅረባት።